የአሥር ዓመቱ ታላቅ ስፖርተኛ ማን ነው? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አንድ አሥር ዓመት በተጠናቀቀ ቁጥር ጋዜጠኞች፣ የስፖርት ተቋማትና ተመልካቾች የዘመኑን ታላቅ ስፖርተኛ ለመሰየም ይከራከራሉ። ከዚህ በታች የቀረቡት መልሶች በዋናነት ከ2010 እስከ 2019 ያለውን ጊዜ ይመለከታሉ፤ ይህ ጊዜ የተመረጠውም ተዘግቶ ውጤቱ በሙሉ በእጃችን ስላለ ነው። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ነው።

ይህ ክርክር መልስ አለው ወይስ ሁሉም የራሱን ተወዳጅ የሚጠራበት ነው?

መልስ አለው፤ ነገር ግን መልስ የሚኖረው መመዘኛው ከስሙ በፊት ከተነገረ ነው። ሁለት ሰዎች ስለ ሊዮኔል ሜሲና ስለ ዩሴን ቦልት ለሰዓታት ተከራክረው ሳይግባቡ የሚለያዩት አብዛኛውን ጊዜ አንደኛው ከሌላው ያነሰ ስለሚያውቅ ሳይሆን፣ አንደኛው የዋንጫንና የሜዳሊያን ብዛት፣ ሌላው ደግሞ ከዚያ በፊት ማንም ያልደረሰበት ከፍታ ላይ መድረስን በልቡ መለኪያ አድርጎ፣ ይህንኑ ሳይናገር ስለሚጀምር ነው። መለኪያው ከተነገረ በኋላ ክርክሩ ወደ ማስረጃ ይመለሳል፤ ማስረጃ ደግሞ በስፖርት ውስጥ ሞልቷል።

እዚህ የምጠቀምባቸው መለኪያዎች ሦስት ናቸው። በመጀመሪያ የሚቆጠረው በአሥሩ ዓመታት ውስጥ የተሠራው ብቻ ነው። ቀጥሎ ስፖርተኛው በራሱ ስፖርት ውስጥ ከነበሩት የቅርብ ተፎካካሪዎቹ ምን ያህል ርቆ እንደነበር ይታያል። በመጨረሻም ይህ ብልጫ ስንት ዓመት እንደዘለቀ ይጠየቃል። ከሦስቱ ለሁለተኛው የበለጠ ክብደት እሰጣለሁ፤ ምክንያቱም የተለያዩ ስፖርቶችን ጎን ለጎን ለማየት ከእርሱ የተሻለ መንገድ አላገኘሁም።

አሥሩ ዓመት የሚጀምረው በ2010 ነው ወይስ በ2011?

በዘመን አቆጣጠር ውስጥ ዜሮ የሚባል ዓመት ስለሌለ፣ በጥብቅ ስሌት ከሄድን አሥሩ ዓመት ከ2011 እስከ 2020 ይሆናል። በተለመደው አነጋገር ግን ሁሉም ሰው የሚቆጥረው ከ2010 እስከ 2019 ነው፤ እኔም ይህንኑ እከተላለሁ። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም በአንዳንዶች ላይ ለውጥ ያመጣል። ሉዊስ ሃሚልተን በ2010–2019 ውስጥ አምስት የፎርሙላ ዋን የዓለም ሻምፒዮንነቶች ሲኖሩት፣ ቆጠራው በአንድ ዓመት ቢገፋ ስድስት ይሆኑለታል። ራፋኤል ናዳል ደግሞ በ2010 ብቻ ሦስት የግራንድ ስላም (አራቱ ታላላቅ የቴኒስ ውድድሮች) ዋንጫዎችን ስላነሣ፣ ቆጠራው በተገፋ መጠን ይጎዳል።

ድንበሩን ማክበር በእርግጥ ያን ያህል ለውጥ ያመጣል?

ያመጣል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ በዩሴን ቦልት ላይ። የቦልት ስም ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው 9.58 ሰከንድን ነው፤ ነገር ግን ይህ የ100 ሜትር ክብረ ወሰንም ሆነ የ200 ሜትሩ 19.19 ሰከንድ የተመዘገቡት በ2009 በበርሊኑ የዓለም ሻምፒዮና ነበር። በአሥሩ ዓመታት ውስጥ ቦልት በለንደንና በሪዮ ኦሊምፒኮች ስድስት ወርቅ፣ በዓለም ሻምፒዮናዎች ደግሞ ስምንት ወርቅ አግኝቷል፤ ይህ ማንንም የሚያስከብር ውጤት ነው። ነገር ግን በእነዚሁ ዓመታት በግል ውድድር አንድም የዓለም ክብረ ወሰን አላሻሻለም፤ በ2011 በዴጉ የ100 ሜትር ፍጻሜ ቀድሞ በመነሣቱ ከውድድሩ ተሰርዟል፤ በ2017 በለንደን ደግሞ በ100 ሜትር ሦስተኛ ወጥቷል። ሙሉ የሩጫ ዘመኑ ቢመዘን ከማንም በላይ ሊቀመጥ የሚችል ሰው፣ አሥሩ ዓመት ብቻ ሲመዘን ከላይኛው ስፍራ በጥቂቱ ዝቅ ይላል።

በዋናተኛው ማይክል ፌልፕስ ላይ የሚታየውም ተመሳሳይ ነው። በአንድ ኦሊምፒክ ስምንት ወርቅ ያገኘበት የቤይጂንግ ውድድር በ2008 የተካሄደ በመሆኑ እዚህ አይቆጠርም፤ የቀረው በለንደን ያገኘው አራት ወርቅና ሁለት ብር፣ በሪዮ ያገኘው አምስት ወርቅና አንድ ብር ነው። ሮጀር ፌደረር ካገኛቸው 20 የግራንድ ስላም ዋንጫዎች 15ቱ ከ2010 በፊት የተገኙ ናቸው። ለእነዚህ ሦስት ሰዎች ያለን አድናቆት ጥልቅ ስለሆነ ድንበሩን ለእነሱ ስንል ለማጠፍ እንፈተናለን፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ ከታጠፈ በኋላ ለሌላው የምንነፍግበት ምክንያት አይኖረንም።

በዋና ስፖርት ድንበሩ ሌላም ትርጉም አለው። በ2009 በሮም የዓለም ሻምፒዮና ላይ 43 የዓለም ክብረ ወሰኖች የተሰበሩት ዋናተኞቹ ሰውነትን ወደ ውኃው ወለል ከፍ የሚያደርጉ ልዩ ልብሶችን ለብሰው ስለነበር ነው። ልብሶቹ ከ2010 መጀመሪያ አንሥቶ ታገዱ። ስለዚህ የቀጣዩ አሥር ዓመት ዋናተኞች ራሳቸው ሊለብሱት በማይፈቀድላቸው ልብስ ከተመዘገቡ ሰዓቶች ጋር እየተፎካከሩ ነበር፤ የክብረ ወሰን ብዛታቸው ሲቆጠር ይህ ሊዘነጋ አይገባም።

ታዋቂ ተቋማት ማንን መረጡ?

ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የአሶሺየትድ ፕሬስ ምርጫ ነው። የዜና ወኪሉ በ2019 መጨረሻ ከሴቶች ሴሬና ዊሊያምስን፣ ከወንዶች ሌብሮን ጄምስን የአሥር ዓመቱ ምርጥ ስፖርተኞች ብሎ ሰይሟል።

ሴሬና በአሥሩ ዓመታት ውስጥ 12 የግራንድ ስላም የነጠላ ዋንጫዎችን አንሥታለች፤ ከ2013 እስከ 2016 ለ186 ተከታታይ ሳምንታት የዓለም ቁጥር አንድ ሆና ቆይታለች፤ በለንደን ኦሊምፒክ ፍጻሜ ማሪያ ሻራፖቫን 6ለ0 እና 6ለ1 ረትታለች። በ2017 የአውስትራሊያ ኦፕንን ያሸነፈችው ነፍሰ ጡር ሆና ነው፤ ከወለደችም በኋላ ወደ አራት የግራንድ ስላም ፍጻሜዎች ተመልሳ ደርሳለች፣ አራቱንም ብትሸነፍም። ሌብሮን ደግሞ ከ2011 እስከ 2018 ለስምንት ተከታታይ ዓመታት በኤንቢኤ (በአሜሪካ የቅርጫት ኳስ ሊግ) ፍጻሜ ላይ ተሰልፏል፤ ሦስት ጊዜ ሻምፒዮን ሆኗል፤ በሦስቱም የፍጻሜው ኮከብ ተጫዋች ተብሏል። ሁለቱም ምርጫዎች በሚገባ የታሰበባቸው ናቸው። እኔ ግን የመጀመሪያውን ስፍራ የምሰጠው ለሌላ ሰው ነው፤ ወደ እርሷ እመለሳለሁ።

ድምፅ ሰጪው ማን መሆኑ ውጤቱን ይለውጣል?

በእጅጉ ይለውጣል፤ ለዚህም ከእግር ኳስ የተሻለ ምስክር የለም። ፊፋ በ2000 የክፍለ ዘመኑን ምርጥ ተጫዋች ለመሰየም ሲነሣ በኢንተርኔት የተሰጠው የሕዝብ ድምፅ ዲዬጎ ማራዶናን በሰፊ ልዩነት መረጠ። በባለሙያዎች ኮሚቴና በፊፋ መጽሔት አንባቢዎች ድምፅ ግን ያሸነፈው ፔሌ ነበር። ፊፋም በመጨረሻ ሁለቱንም ሸለመ። በዚያ ወቅት ኢንተርኔት የሚጠቀሙት በአብዛኛው ማራዶናን በዓይናቸው ያዩ ወጣቶች እንደነበሩ ሲታሰብ ውጤቱ አያስገርምም፤ ፔሌ የመጨረሻውን የዓለም ዋንጫ ያነሣው በ1970 ነበር።

ሁለተኛው ምሳሌ ከአሥሩ ዓመታት ውስጥ ነው። የዓመቱ ምርጥ እግር ኳስ ተጫዋች የሚሸለመው ባሎን ዶር ቀድሞ በጋዜጠኞች ድምፅ ብቻ ይሰጥ ነበር። በ2010 ሽልማቱ ከፊፋ ሽልማት ጋር ተዋሕዶ የብሔራዊ ቡድን አሠልጣኞችና አምበሎችም ድምፅ መስጠት ሲጀምሩ ሊዮኔል ሜሲ አንደኛ ሆነ። የጋዜጠኞቹ ድምፅ ብቻ ተለይቶ ቢቆጠር ኖሮ አሸናፊው በዚያ ዓመት ከኢንተር ሚላን ጋር ሦስት ዋንጫ ያነሣውና ከኔዘርላንድስ ጋር ለዓለም ዋንጫ ፍጻሜ የደረሰው ዌስሊ ስናይደር ይሆን ነበር። ስለዚህ «እገሌ ይህን ያህል ጊዜ ተመርጧል» የሚለው ክርክር በራሱ ማስረጃ አይደለም፤ ማን፣ በምን ደንብ መረጠው የሚለው አብሮ መጠየቅ አለበት።

የማይመሳሰሉ ስፖርቶችን እንዴት ማነጻጸር ይቻላል?

የሩጫን ሰዓት ከቅርጫት ኳስ ነጥብ ጋር ማነጻጸር አይቻልም። ሊነጻጸር የሚችለው እያንዳንዱ ስፖርተኛ በራሱ ሜዳ ሁለተኛ ከሆነው ሰው የነበረው ርቀት ነው። ይህ መለኪያ ፍጹም አይደለም፤ ነገር ግን በአንድ ስፖርት ታዋቂነትና በሌላው ዝምታ የማይታለል መለኪያ ነው።

ኬቲ ለደኪ በሪዮ የ800 ሜትር ዋናን ያሸነፈችው ሁለተኛ የወጣችውን ተወዳዳሪ ከ11 ሰከንድ በላይ በልጣ ነው። ኤሊዩድ ኪፕቾጌ በ2018 በበርሊን የማራቶንን ክብረ ወሰን ወደ 2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ39 ሰከንድ ሲያወርደው ከቀድሞው ሰዓት ላይ 78 ሰከንድ ቀንሷል፤ በዘመናችን የማራቶን ክብረ ወሰን የሚሻሻለው አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሰከንዶች ብቻ ነው። ከዚህም በላይ የሚያስደንቀው አለመሸነፉ ነው። ከ2013 እስከ 2019 ከሮጣቸው 12 ይፋዊ ማራቶኖች 11ዱን አሸንፏል፤ የተሸነፈውም በ2013 በበርሊን ዊልሰን ኪፕሳንግ የዓለም ክብረ ወሰን በሰበረበት ውድድር ሁለተኛ ሆኖ ነው። ማራቶን አየሩ፣ ሆዱ ወይም እግሩ አንድ ቀን እምቢ ያለውን ሯጭ ሁሉ የሚጥል ውድድር ነው፤ በዚህ ውድድር ለሰባት ዓመት እንዲህ መጽናት እስከ ዛሬ ከሰማኋቸው የስፖርት ገድሎች መካከል ከላይኞቹ የሚመደብ ነው።

መለኪያው ግን በጥንቃቄ መያዝ አለበት፤ ምክንያቱም ርቀቱ ትንሽ የሚሆነው ስፖርተኛው ስላነሰ ሳይሆን ተፎካካሪዎቹ ታላላቅ ስለሆኑ ሊሆን ይችላል። የወንዶች ቴኒስ ይህን በደንብ ያሳያል። በአሥሩ ዓመታት ከተካሄዱት 40 የግራንድ ስላም ውድድሮች ኖቫክ ጆኮቪች 15፣ ናዳል 13፣ ፌደረር 5 ወስደዋል። ለቀሩት የዓለም ተጫዋቾች ሁሉ የተረፉት ሰባት ብቻ ነበሩ፤ ከእነዚህም አንዲ መሪና ስታን ቫቭሪንካ ሦስት ሦስት፣ ማሪን ቺሊች አንድ አገኙ። ጆኮቪች ከናዳል የሚበልጠው በሁለት ዋንጫ ነው። ነገር ግን ያ ልዩነት የተገኘው በቴኒስ ታሪክ ከታዩት ከሁሉም ጠንካራ በሆኑ ሁለት ተጋጣሚዎች ፊት ነው፤ በዚሁ ላይ ከ2015 እስከ 2016 አራቱንም የግራንድ ስላም ዋንጫዎች በአንድ ጊዜ በእጁ ይዞ ነበር። በእኔ ሚዛን ጆኮቪች ከወንዶች ከኪፕቾጌ ጋር ትከሻ ለትከሻ ይቆማል።

ሴቶችና ወንዶች በአንድ ዝርዝር ውስጥ መግባት አለባቸው?

አዎን። የምንመዝነው ከቅርብ ተፎካካሪ ያለውን ርቀት እስከሆነ ድረስ የሚከለክል ምክንያት የለም። ወንዶችና ሴቶች የተለያየ ሰዓት የሚሮጡ መሆናቸው ለዚህ ጥያቄ አግባብነት የለውም፤ ቀላል ሚዛን ቦክሰኛን ከከባድ ሚዛን ቦክሰኛ አነስተኛ ነው እንደማንለው ሁሉ። በሁለት ዝርዝር መክፈል አከራካሪነቱን ያቃልላል፤ ነገር ግን ጥያቄውን ሳይመልስ ያልፈዋል።

በቡድን ስፖርት የሚገኝ ድል ለአንድ ሰው ሊቆጠር ይችላል?

ሊቆጠር የሚችለው በከፊል ነው፤ መጠኑም ከስፖርት ስፖርት ይለያያል። በቅርጫት ኳስ በአንድ ጊዜ በሜዳ ላይ የሚሆኑት ከአንድ ቡድን አምስት ተጫዋቾች ብቻ ስለሆኑና ምርጡ ተጫዋች አብዛኛውን ደቂቃ ስለሚጫወት፣ የአንድ ሰው አሻራ ጎልቶ ይታያል። የ2016ቱ የኤንቢኤ ፍጻሜ ለዚህ ማስረጃ ነው። የሌብሮን ቡድን ክሊቭላንድ በመደበኛው ውድድር 73 ጨዋታዎችን ባሸነፈው በጎልደን ስቴት በጨዋታ ብዛት 3ለ1 ሲመራ ቆይቶ ቀጣዮቹን ሦስት ጨዋታዎች አከታትሎ በማሸነፍ ሻምፒዮን ሆነ፤ በዚያ ፍጻሜ ሌብሮን በነጥብ፣ በሪባውንድ (ስቶ የተመለሰ ኳስ በመያዝ)፣ በአሲስት (ለነጥብ በሚያበቃ ቅብብል)፣ ኳስ በመንጠቅና የተወረወረ ኳስ በመከላከል ከሁለቱም ቡድኖች ተጫዋቾች ሁሉ ይበልጥ ነበር።

በእግር ኳስ ግን 11 ተጫዋቾች በሰፊ ሜዳ ላይ ተሰልፈው ጥቂት ጎል ብቻ ስለሚገባ፣ ምርጡ ተጫዋች ምርጥ ሆኖ ሳለ ሊሸነፍ ይችላል። ሜሲ በ2014 የዓለም ዋንጫ የውድድሩ ምርጥ ተጫዋች ተብሎ ተመርጧል፤ አርጀንቲና ግን በፍጻሜው በጀርመን 1ለ0 ተሸንፋለች። በ2015 እና በ2016 የኮፓ አሜሪካ ፍጻሜዎችም ተሸንፏል። በዚህ ምክንያት ከአሥር ዓመቱ ምርጦች ዝርዝር እንዲወጣ የሚፈልጉ ብዙዎች ነበሩ፤ እኔ በዚህ አልስማማም። በ2012 በአንድ ዓመት ውስጥ 91 ጎል ያስቆጠረ፣ በአሥሩ ዓመታት አምስት ባሎን ዶር የወሰደ ተጫዋች ታላቅነቱ በአንድ ምሽት በባከነ የግብ ዕድል ሊሰረዝ አይችልም። በተመሳሳይ መንገድ በ2022 በኳታር ያነሣው የዓለም ዋንጫ ለዚህ አሥር ዓመት ሊቆጠርለት አይገባም።

ክርስቲያኖ ሮናልዶ በበኩሉ በእነዚሁ ዓመታት አራት ባሎን ዶር፣ ከሪያል ማድሪድ ጋር በ2014፣ በ2016፣ በ2017 እና በ2018 አራት የሻምፒዮንስ ሊግ ዋንጫዎች፣ ከፖርቱጋል ጋር ደግሞ የ2016ቱን የአውሮፓ ዋንጫ አግኝቷል። ከአሥሩ ባሎን ዶሮች ዘጠኙን ሁለቱ ተካፍለውት፣ በ2018 ብቻ ሉካ ሞድሪች በመካከላቸው ገብቷል። እዚህ ላይ የርቀት መለኪያው ችግር ይገጥመዋል፤ ሁለቱ ከሌላው ዓለም እጅግ የራቁ ሆነው እርስ በርስ ግን በጣም የተቀራረቡ ነበሩ። ሁለቱንም ከመጀመሪያው ስፍራ ያራቀብኝ ይኸው ነው።

አንድ ታላቅ ቀን ታላቅ ስፖርተኛ ያደርጋል?

ታላቅ ቀን በራሱ የሚከበር ነገር ነው፤ የአሥር ዓመት ታላቅነት ግን አይደለም። ሁለት ምሳሌዎችን ላንሣ። ዴቪድ ሩዲሻ በ2012 በለንደን ኦሊምፒክ የ800 ሜትር ፍጻሜን ያለ አሯሯጭ ከመነሻው እስከ መድረሻው መርቶ በ1 ደቂቃ ከ40.91 ሰከንድ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። ስምንተኛ ሆኖ የጨረሰው ሯጭ ሰዓት 1 ደቂቃ ከ43.77 ሰከንድ ነበር፤ ይህ ሰዓት የቀደሙትን ሦስት የኦሊምፒክ ፍጻሜዎች ለማሸነፍ በቂ ነበር። አልማዝ አያና በ2016 በሪዮ በ10,000 ሜትር 29 ደቂቃ ከ17.45 ሰከንድ ስትገባ፣ ከ1993 ጀምሮ ሳይነካ የቆየውን የዋንግ ጁንሺያን ክብረ ወሰን ከ14 ሰከንድ በላይ አሻሻለች። ከአንድ ዓመት በፊት ገንዘቤ ዲባባ በሞናኮ በ1,500 ሜትር በ3 ደቂቃ ከ50.07 ሰከንድ ያሻሻለችውም እንዲሁ የ1993 ክብረ ወሰን ነበር።

እነዚህን ሩጫዎች አሥር ጊዜ ባያቸው አልጠግባቸውም። ነገር ግን የአሥር ዓመቱ ታላቅ ማን ነው ተብሎ ሲጠየቅ የሚፈለገው ያንን ከፍታ በየዓመቱ እየተመለሰ የጎበኘ ሰው ነው።

በጫማና በአሯሯጭ የተገኘ ውጤት እንዴት ይታያል?

ኪፕቾጌ በ2019 በቪየና 42 ኪሎ ሜትሩን በ1 ሰዓት ከ59 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ የጨረሰው እየተፈራረቁ በሚገቡ አሯሯጮች ታጅቦ፣ ከፊቱ መንገዱን በብርሃን የምታመለክት መኪና እየሄደች ነው፤ ስለዚህም በክብረ ወሰንነት አልተመዘገበም። የሰው ልጅ ችሎታ ማሳያ ሆኖ ሊደነቅ ይገባዋል፤ በውድድር መዝገብ ውስጥ ግን አልቆጥረውም። በዘመኑ ስለወጡት ወፍራም ሶል ያላቸው ጫማዎችም የተነሣው ጥያቄ ተገቢ ነው፤ የዓለም አትሌቲክስ በ2020 መጀመሪያ ለጎዳና ውድድር የሶሉን ውፍረት በ40 ሚሊሜትር የገደበው በዚሁ ምክንያት ነው። ሆኖም ጫማው ሰዓትን ያስተካክል እንደሆነ እንጂ ተመሳሳይ ጫማ ባደረጉ ተፎካካሪዎች ፊት ለዓመታት አለመሸነፍን ሊያስረዳ አይችልም። የርቀት መለኪያው ከሰዓት መለኪያ የሚሻልበት አንዱ ቦታ ይህ ነው።

ብዙ ተመልካች የሌላቸው ስፖርቶች ለምን ይረሳሉ?

ድምፅ የሚሰጡት ሰዎች የሚመርጡት ከሚያዩት ስለሆነ ነው። ኦስትሪያዊው የበረዶ ሸርተቴ ተወዳዳሪ ማርሴል ሂርሸር ከ2012 እስከ 2019 የዓለም ዋንጫውን አጠቃላይ ሻምፒዮንነት ለስምንት ተከታታይ ዓመታት ወስዷል። ኖርዌያዊቷ ማሪት ብዮርገን በ2010፣ በ2014 እና በ2018 የክረምት ኦሊምፒኮች በአገር አቋራጭ የበረዶ ሸርተቴ ስምንት ወርቅ አግኝታለች። ሁለቱም በየትኛውም ሚዛን ከመጨረሻዎቹ አሥር ዕጩዎች መካከል ሊገቡ የሚገባቸው ሆነው ሳለ ስማቸው በብዙ ዝርዝር ውስጥ አይገኝም፤ ይህ ፍትሐዊ አይደለም።

ከሜዳ ውጭ የተሠራ በጎ ሥራ ይቆጠራል?

በዚህ ጥያቄ ውስጥ አልቆጥረውም። ሰብአዊ አስተዋጽኦ ከሜዳሊያ ሊበልጥ የሚችል ነገር ነው፤ ስለሚበልጥም በሜዳሊያ ላይ እንደሚጨመር ነጥብ መታየት የለበትም። ራሱን የቻለ ክብር ይገባዋል።

እንግዲያው በእነዚህ መለኪያዎች የአሥር ዓመቱ ታላቅ ስፖርተኛ ማን ናት?

ሲሞን ባይልስ ናት። ከ2013 እስከ 2019 በተሳተፈችባቸው አምስት የዓለም የጂምናስቲክ ሻምፒዮናዎች 25 ሜዳሊያዎችን ያገኘች ሲሆን፣ ከእነዚህ 19ኙ ወርቅ ናቸው። በዚህም ቪታሊ ሽቼርቦ ይዞት የነበረውን የ23 ሜዳሊያዎች ክብረ ወሰን አልፋለች። የአራቱም መሣሪያዎች ነጥብ ተደምሮ አሸናፊው በሚለይበት ዋነኛው የግል ውድድር በ2013፣ በ2014፣ በ2015፣ በ2018 እና በ2019 የዓለም ሻምፒዮን ሆናለች፤ ከእርሷ በፊት በሴቶች ከፍተኛው የስቬትላና ኾርኪና ሦስት ጊዜ ነበር። በሪዮ ኦሊምፒክ ደግሞ አራት ወርቅና አንድ ነሐስ አግኝታለች።

ከቁጥሮቹ ይልቅ ለእኔ የሚናገረው ርቀቱ ነው። በጂምናስቲክ አንደኛና ሁለተኛ ብዙ ጊዜ የሚለዩት በነጥብ ክፍልፋይ ነው። ባይልስ ግን በሪዮም ሆነ በ2019 በሽቱትጋርት በዚህ ዋነኛ ውድድር ተከታይዋን የበለጠችው በ2.1 ነጥብ ነው። በ2018 በዶሃ በኩላሊት ጠጠር እየታመመች ተወዳደረች፤ ሁለት ጊዜ ወደቀች፤ አንድ ውድቀት አንድ ሙሉ ነጥብ የሚያስቀንስ ሆኖ ሳለ ከ1.6 ነጥብ በላይ በሆነ ልዩነት አሸነፈች። በየትኛውም ሌላ ስፖርት ሁለት ጊዜ ወድቆ በዚህ መጠን የሚያሸንፍ ሰው ማሰብ ያዳግተኛል።

ስፖርቱንም አስፋፍታዋለች። በ2019 በወለል ውድድር በአየር ላይ ሁለት ጊዜ እየተገለበጠች ሦስት ጊዜ የምትሽከረከርበትን እንቅስቃሴ በዓለም ሻምፒዮና ላይ ሠርታ በስሟ እንዲጠራ አድርጋለች። በዚያው ዓመት ከጠባቡ አግዳሚ ስትወርድ ለሠራችው ሌላ አዲስ እንቅስቃሴ ግን ዓለም አቀፉ የጂምናስቲክ ፌዴሬሽን ብዙዎች ከጠበቁት ያነሰ የክብደት ደረጃ ሰጠው፤ ምክንያቱም ሌሎች ተወዳዳሪዎች ያለ ችሎታቸው እንዳይሞክሩትና እንዳይጎዱ በማሰብ ነበር። ብልጫዋ ደንብ አውጪዎችን ሳይቀር እስከዚህ ድረስ አሳስቧል።

በዚህ ምርጫ ላይ የሚቀርበው ከሁሉ ጠንካራው ተቃውሞ ምንድን ነው?

የጊዜ ርዝመት ነው። ባይልስ ከ2010 እስከ 2012 በታላላቆች ውድድር አልነበረችም፤ በ2017ም አልተወዳደረችም። ሴሬና በአንጻሩ የመጀመሪያውን ዋንጫ በ2010 ወስዳ የመጨረሻውን ፍጻሜ በ2019 ተጫውታለች፤ አሥሩን ዓመት ከጫፍ እስከ ጫፍ ሞልታዋለች። ይህን ተቃውሞ አከብራለሁ፤ ለጊዜ ርዝመት ከእኔ የበለጠ ክብደት የሚሰጥ ሰው ሴሬናን ቢመርጥ ስህተት ነው ልለው አልችልም። የእኔ መልስ ይህ ነው፦ ሴሬና በእነዚያ ዓመታት በታላላቅ ውድድሮች ብዙ ጊዜ ተሸንፋለች፤ ባይልስ ግን ከ2013ቱ የዓለም ሻምፒዮና እስከ አሥሩ ዓመት ፍጻሜ የአራቱ መሣሪያዎች ድምር በሚቆጠርበት ውድድር ተሰልፋ የተሸነፈችበት አንድም ጊዜ የለም።

ሌላው ተቃውሞ ጂምናስቲክ በዳኞች የሚመዘን መሆኑ ነው። ይህ በነጥብ ክፍልፋይ ለሚለዩ ተወዳዳሪዎች ከባድ ጥያቄ ነው፤ ልዩነቱ ሁለት ነጥብ ሲሆን ግን የዳኞች ዝንባሌ ሊያስረዳው አይችልም።

ለአሁኑ አሥር ዓመት ከወዲሁ መምረጥ ይቻላል?

አይቻልም። ዕጩዎችን መጥቀስ ግን ይቻላል፦ ከ2020 ጀምሮ የምርኩዝ ዝላይን ክብረ ወሰን ደጋግሞ ያሻሻለው አርማንድ ዱፕላንቲስ፣ በኳታር የዓለም ዋንጫን ያነሣው ሜሲ፣ በፓሪስ ኦሊምፒክ ሦስት ወርቅ ይዛ የተመለሰችው ራሷ ባይልስ።

አንድ ጊዜ የተሰጠ ውሳኔ በኋላ ሊለወጥ ይችላል?

ሊለወጥ ይችላል፤ ተለውጦም ያውቃል። አሶሺየትድ ፕሬስ በ2009 ያለፈውን አሥር ዓመት ምርጥ ሲሰይም ታይገር ዉድስ አንደኛ፣ ብስክሌተኛው ላንስ አርምስትሮንግ ሁለተኛ ሆነው ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ በ2012 አርምስትሮንግ አበረታች መድኃኒቶችን መጠቀሙ ተረጋግጦ ሰባቱንም የቱር ደ ፍራንስ ድሎች ተነጠቀ፤ ለሁለተኛነት ያበቃው ሥራ ሁሉ ከመዝገብ ተሰረዘ። ራሱ ያላጠፋ ሰው ላይም ጉዳት ሊደርስ ይችላል፤ ቦልት በቤይጂንግ በዱላ ቅብብል ያገኘውን ወርቅ በ2017 ያጣው የቡድን ጓደኛው ኔስታ ካርተር ናሙና በድጋሚ ሲመረመር የተከለከለ ንጥረ ነገር ስለተገኘበት ነው። በሥራ ላይ ባለው የዓለም የፀረ አበረታች መድኃኒቶች ሕግ መሠረት የተወሰደ ናሙና እስከ አሥር ዓመት ድረስ በድጋሚ ሊመረመር ስለሚችል፣ ከ2010–2019 የመጨረሻዎቹ ውድድሮች የተወሰዱ ናሙናዎች እስከ 2029 ክፍት ሆነው ይቆያሉ።